የገዛ መኪናዬን እንዳስጠግን የቅጂ መብት ሕግ ይከለክለኛልን?

የተከበራችሁ የሕግና የጥገና ባለሙያዎች፣ ነዋሪነቴ ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ የቤተሰቤ መተዳደሪያ የሆነው የጭነት መኪናዬ ኢንጀክተሩ (ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጨው ክፍል) ከተቀየረለት ወዲህ የዳሽቦርዱ ቢጫ መብራት አልጠፋ ብሎ፣ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ጉልበት እያጣ ተቸግሬአለሁ። መካኒኩ እንዳስረዳኝ የአዲሱ ኢንጀክተር ኮድ በሞተሩ ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ አለበት፤ የመኪናው ሻጭ ግን የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር በቅጂ መብት የተጠበቀ ነው በማለት የተቆለፈበትን መክፈቻ ከልክሎኛል። በአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ለጥገና ሲሉ እንዲህ ያለውን የሶፍትዌር ቁልፍ እንዲያልፉ እ.ኤ.አ. በ2015 ተፈቅዷል፤ የእኛ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ይሰጣል። ሙሉ ዋጋ የከፈልኩበትን ንብረት ማስጠገን መብቴ ነው ብዬ በጽኑ ባምንም፣ ሕግ መጣስ አልሻም። መካኒኩ ፕሮግራሙን ሳይገለብጥ ኮዱን ብቻ ቢያስገባ አዋጁን እንደ መጣስ ይቆጠራልን? ለሻጩ በጽሑፍ ልጠቅሰው የምችለው አንቀጽስ የትኛው ነው?