አዳማ ላይ አሮጌ ቪትዝ ለመግዛት፦ ቀይ መብራት፣ የሻንሲ ኮድና የተቀየረ መሪ

ናዝሬት27፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ሁለት ቶዮታ ቪትዝ አይቼ በመሃል ቆሜያለሁ። አንዷ የ2001 (በፈረንጅ አቆጣጠር)፣ 1 ሺህ ሲሲ፣ ማንዋል ናት። ሌላዋ የ2006፣ እሷም 1 ሺህ ሲሲ፣ አውቶማቲክ፤ ቆማ ስትነሳ ሞተሯ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የሁለቱም መሪ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ነው።

የምፈልጋት ለከተማ ውስጥ ሥራ፣ በወር ሁለቴ በፍጥነት መንገዱ ለአዲስ አበባ፣ አልፎ አልፎ ለመተሐራ ነው። የ2001ዷ ስትሞከር ሞጆን አልፎ ሽቅቡ ላይ ኤሲ እንደተከፈተ ቀይዋ የሙቀት መብራት በራች፤ ኤሲ ሲጠፋ ጠፋች። ሻጩ «ቴርሞስታቱ ወጥቷል፣ ለአዳማ ሙቀት አያስፈልግም። የቪትዝ ባህሪ ነው» ይላል። እውነት ነው? ከሁለቱስ የትኛዋ ትሻላለች? የተቀየረ መሪ ላይ ምን ምን ይታያል?

ቁልፍ 10፦
ባህሪዋ አይደለም ወንድሜ። ጤነኛ ቪትዝ አዳማ ላይ በቀትር ፀሐይ ኤሲ ተከፍቶ ብትቆም ቀይ አታበራም።

መጀመሪያ መብራቱን እንረዳው። ቪትዝ እንደ ኮሮላ የሙቀት ቀስት የላትም። ሰማያዊው «ገና አልሞቅኩም» ነው፣ ቀዩ «አልፌያለሁ» ነው፤ በመካከል ያለውን ሹፌሩ አያየውም። ቀዩ ሲበራ ሞተሩ ከልኩ ካለፈ ቆይቷል፤ ስለዚህ «ኤሲ ሲጠፋ ይጠፋል» ብሎ መንዳት ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ያስበላል።

ከፍታውም አለ። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ በ92 ገደማ። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ከ100 አልፎም የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ብቻ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የተጻፈው ያ ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ዝቅ ባለ አገር ምንም ላያሳይ ይችላል፤ እዚህ ግን ያፈላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ክዳኑን ቁጥሩ ተመሳሳይ በሆነ አዲስ ቀይሩት። ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

አሁን ወደ ያንተ ምልክት። መኪናዋ የጋለችው በሩጫ ላይ ነው። በ80 ስትሄድ ነፋሱ ራሱ ስለሚያቀዘቅዝ ፋን ብዙ ሥራ የለውም። ስለዚህ የምጠረጥረው የውሃ ማነስን፣ ክዳኑን ወይም ራዲያተሩ ውስጡ መዘጋቱን ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ ትራፊክ ውስጥ ቆማ ብትግል ኖሮ ፋኑን እጠረጥር ነበር። ይህን ልዩነት ይዘህ ጋራዥ ከገባህ ያለቦታው አይፈቱብህም።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ክፈት። ውሃው የሻይ መልክ ካለው ለዓመታት የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ብቻ ሲጨመርባት ኖራለች። በስምጥ ሸለቆ ያለው የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል፤ ራዲያተሩ ቱቦዎች ውስጥ እንደ ጀበና ውስጥ ቆሻሻ ይጋገራል። ከዚያ ፊት ለፊቱን እይ። የኤሲው ኮንደንሰር (የኤሲውን ጋዝ የሚያቀዘቅዘው) ከፊት፣ ራዲያተሩ ከኋላ ነው፤ የወንጂ መንገድ አቧራና ገለባ የሚከማቸው በሁለቱ መካከል ነው፣ ከውጭ ስታየው ንጹሕ ይመስላል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ አጥቡት። የመኪና ማጠቢያው ጠንካራ ግፊት ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል።

ፋኑን ለመፈተን ሞተሩን አስነስተህ ኤሲ ክፈት፤ ወዲያው መዞር አለበት። ኤሲ ሳይከፈትም ቆሞ ሲሞቅ በራሱ መነሳትና መጥፋት አለበት። በእንጨት ሲመታ የሚነሳ ከሆነ የፋኑ ሞተር ካርቦን አልቋል። አንድ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ አለ፦ ሽቦው ተገልብጦ የታሰረ ፋን ወደ ፊት ይነፋል። ግሪሉ ፊት ወረቀት ያዝ፤ ወደ ውስጥ ካልተሳበ ፋኑ በተቃራኒ እየዞረ ነው።

ቴርሞስታትን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን) በተመለከተ፣ የወጣበት መኪና ከዚህ በፊት አፍልቶ ያውቃል ብለህ ያዝ፤ ማንም በደህና ቀን አያወጣውም። የሚከፈተው በ82 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የአዳማ አየር እሱን የሚተካበት መንገድ የለም። ከሌለ ሞተሩ በቁልቁለት መንገድ ይቀዘቅዛል፣ ሰማያዊው መብራት እንደገና ይበራል፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩ እንዳልሞቀ አስቦ ቤንዚን ይጨምራል። አዲስ ሲገባ ትንሿ የአየር ማሳለፊያ ወደ ላይ ትሁን።

ሲሞላ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ፤ በጠቅላላው ከ4 እስከ 5 ሊትር ይይዛል። አየር ከቀረ አዲስ ራዲያተርም ያፈላል። አፍንጫዋን ሽቅብ አቁማችሁ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ፣ ገና በቀዝቃዛው ክዳኑን አንስታችሁ አስነሱ። የላይኛውን ጎማ ቱቦ እየጨመቃችሁ ሲጎድል ጨምሩ። ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ከጠፋ ክዳኑን ግጠሙ፤ በማግስቱ ጠዋት በቀዝቃዛው እንደገና እዩት። አንዴ የተዘጋ ክዳን ሞተሩ እንደጋለ አይከፈትም፣ ፊት ያቃጥላል።

ሻንሲ ቁጥር፦
የሙቀቱን ቁልፍ 10 ጨርሶታል። እኔ ስለ መኪናዋ ማንነት ልጨምር፣ ምክንያቱም «ቪትዝ» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርህም።

ቶዮታ የወጣው ከሽመና ማሽን ፋብሪካ ነው። ኪይቺሮ ቶዮዳ በ1933 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) በአባቱ የሽመና ማሽን ድርጅት ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ፣ በ1937 ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። «ዳ» ወደ «ታ» የተቀየረው በጃፓንኛ ሲጻፍ በስምንት ጭረት ስለሚያልቅና ስምንት እንደ መልካም ዕድል ስለሚታይ ነው። ኮሮላ በ1966 መጣ፤ እኛ ጋ ዲኤክስ ተብሎ የኖረው የዚያው ዘር ነው። ቪትዝ ስታርሌትን ተክታ በጃንዋሪ 1999 ወጣች። ቅርጿን የሠራው ግሪካዊው ሶቲሪስ ኮቮስ ሲሆን፣ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለች። ከ2001 ጀምሮ ፈረንሳይ ቫለንሲየን ውስጥም ተሠርታለች። ሁለተኛው ትውልድ በ2005፣ ሦስተኛው በ2010 መጨረሻ መጣ፤ በ2020 ጃፓንም ቪትዝ የሚለውን ስም ትታ ያሪስ አለቻት።

ይህ ለገዢ የሚጠቅመው እንዲህ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራችው ቪትዝ የሻንሲ ቁጥሯ አጭር ነው፦ የሞዴል ኮድ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ቁጥር። የአውሮፓዋ ያሪስ ግን 17 ፊደልና ቁጥር አላት። እንደ እንግሊዝ በግራ ከሚነዳበት አገር ያልመጣች ያሪስ ስትወለድም መሪዋ ግራ ነው፣ ማንም አልነካውም። ሁለቱ እኩል ደህና ሆነው ብታገኝ ያሪሷን ውሰድ።

የ2001ዷ ኤስሲፒ10 መሆን አለባት፤ ሞተሯ 1ኤስዜድ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 997 ሲሲ። ኤንሲፒ10 ካለች 1300 ናት፣ 2ኤንዜድ። የ2006ዷ ኬኤስፒ90 ከሆነች ሞተሯ 1ኬአር ነው፤ 996 ሲሲ፣ ግን ሲሊንደሩ ሦስት። መጠነኛ መንቀጥቀጡ ከዚያ የመጣ ነው፣ ጉድለት አይደለም። ጉድለቱን ከባህሪው ለመለየት ፍሬን ይዘህ ዲ ላይ አስገባና ኤሲ ክፈት፤ መሪውና ዳሽቦርዱ የሚርገፈገፉ ከሆነ የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ተቆርጧል ወይም ትሮትሉ (የአየር ማስገቢያው) ቆሽሿል። ፍጥነት ስትጨምር ከተንገጫገጨች ካንዴላና ኮይል ነው። ሁሉም የጠቀስኳቸው ሞተሮች በሰንሰለት የሚሠሩ ስለሆኑ «ታይሚንግ ቤልት ቀይሬያለሁ» የሚል ሻጭ ሞተሩን አያውቀውም።

ጉልበትን በተመለከተ፣ 1 ሺህ ሲሲዎቹ በወረቀት 70 ፈረስ ጉልበት ገደማ ናቸው። በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ አዲስ አበባ ስትገባ የሚቀርህ ከ55 ብዙ አይበልጥም። ከቤተሰብ ጋር ኤሲ ከፍተህ የምትወጣ ከሆነ 1300 ፈልግ። ለከተማ ብቻ ከሆነ 1 ሺህው ይበቃል።

መሪው። በእነዚህ ሁለት ትውልዶች ላይ የፍጥነት ማሳያው መሃል ስለሆነ መቀየሩ ከሌላ መኪና ይቀላል፤ ዳሽቦርዱ ሲታይ ፋብሪካ የሠራው ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የምታየው ከኮፈኑ ሥር ነው። ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ግድግዳ ላይ በቀኝ በኩል አሮጌው የመሪ ዘንግ ቀዳዳ በምን ተደፈነ? በደንብ ከተበየደና ከተቀባ መልካም፤ በሲሊኮን ከሆነ ውሃና ጭስ ይገባል። የፍሬኑ ቡስተር (የእግርን ጉልበት የሚያግዘው) የታሰረበት ቦታ አዲስ ብየዳ ካለው ሌላ ሰው ፍሬኑን ጠንክሮ እንዲረግጥ አድርግና እጅህን ግድግዳው ላይ አኑር፤ መተጣጠፍ የለበትም። የኤርባግ መብራት ቁልፍ ሲከፈት በርቶ በጥቂት ሰከንድ መጥፋት አለበት፤ ጭራሹን ካልበራ ሽቦው ተቆርጧል ወይም አምፖሉ ተነቅሏል። በኤሌክትሪክ የሚታገዘው መሪ መብራቱ በርቶ ከቀረ ደግሞ መሪው ወደ አንድ ወገን ሊከብድ ይችላል።

አብዛኛው ሰው የሚረሳው ባውዛውን ነው። የጃፓን ባውዛ አጭሩ መብራት ወደ ግራ ከፍ ብሎ ያበራል፣ እዚያ በግራ ስለሚነዱ። እዚህ ያ ብርሃን የሚያርፈው ከፊት በሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ነው። ማታ ግድግዳ ፊት 5 ሜትር ላይ አቁመህ እይ፤ ከፍ የሚለው በግራ ከሆነ ባውዛው የግራ መሪ መኪና በሆነ መቀየር አለበት። በካቻቪቴ ዝቅ ማድረግ አይበቃም።

ናዝሬት27፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። የ2001ዷ ሻንሲ ኤስሲፒ10 ነው። እንግዲህ ከዚህ በፊት አፍልታ ከሆነ ቴስታታው መበላቱን ሳይፈታ ማወቅ ይቻላል? ዘይትስ ስንት ትወስዳለች?

ቁልፍ 10፦
በአብዛኛው ይቻላል። ጠዋት ሳትነሳ ሂድ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ቅጠር። ክዳኑ ተከፍቶ ስትነሳ ራዲያተሩ አፍ ላይ የማያቋርጥ አረፋ ከወጣ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የላይኛው ቱቦ በአንድ ሁለት ደቂቃ፣ ገና ሳይሞቅ፣ እንደ ድንጋይ ከጠነከረም ያው ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጠህ እይ፤ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል። ሞተሩ ከጋለ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው፣ የፒስተን ፋሻ (ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት ማገጃ ጎማ)። ራዲያተር ውስጥ የማሸጊያ ፈሳሽ ተጨምሮ ካገኘህ ተዋት፤ ማሞቂያውንም ራዲያተሩንም ደፍኗል።

የሚፈታ ከሆነ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ብቻ ቀይሮ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ይለካ፤ በኤንዜድ ላይ የሚፈቀደው ጥመት 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የኤንዜድ ቡሎኖች በመጀመሪያ በ29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ ሌላ 90 ዲግሪ ይጠብቃሉ፣ ከመሃል ወደ ዳር። ኤስዜድ የራሱ ልክ ስላለው በዚህ ቁጥር አትጥበቁት።

ዘይት፦ 2ኤንዜድ ከፊልትሮው ጋር 3.7 ሊትር ነው። 1 ሺህ ሲሲዎቹ ከ3 ሊትር ትንሽ ነው የሚያልፉት፤ ባለ 4 ሊትሩን ጀሪካን ሙሉውን መገልበጥ ስህተት ነው። ሲበዛ ክራንኩ ያርገበግበዋል፣ አረፋ ይሆናል፣ በጎሚኒዎች በኩልም መውጫ ይፈልጋል። 3 ሊትር አድርጋችሁ፣ አስነስታችሁ አጥፉ፣ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ እስከ መለኪያው ሙሉ ምልክት ድረስ ጨምሩ።

የወንጂ መንገድ፦
በ2006ዷ ላይ አንድ ነገር፦ አውቶማቲኳ ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የምትሠራ) መሆን አለመሆኗን አጣራ። ከሁለተኛው ትውልድ የተወሰኑት ሲቪቲ ናቸው፣ ለዚህም «ሲቪቲ» የተባለበት የራሱ ዘይት አለው። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከገባበት ቀበቶው ይንሸራተታል፤ ሽቅብ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። ከሞጆ በኋላ ያለው ሽቅብ ለዚህ ጥሩ መሞከሪያ ነው።

ሌላው፣ ቀብድ ሳትሰጥ የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ካፈሉ በኋላ ሞተር የተቀየረላቸው ቪትዞች ብዙ ናቸው፤ ለውጡ ሊብሬው ላይ ካልገባ ስም ስታዛውርና ለቦሎ ስትቀርብ የምትጉላላው አንተ ነህ። ቁጥሩ ብሎኩ ላይ ነው የተመታው፣ በዘይትና አቧራ ስለሚሸፈን ጨርቅና ትንሽ ቤንዚን ይዘህ ሂድ።