ቪትዝ ልገዛ ነው፣ ሄጄ ስነዳት ግን ሞተሯ ሞቆ ነው የጠበቀኝ፤ ድጋሚ ልንዳት ልበል?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለቤቱ። ረዘም ይላል ታገሱኝ። ከሰሚት ሜክሲኮ በታክሲ ሰልፍ መመላለሱ አንገፍግፎኝ ሶስት አመት ያጠራቀምኩትንና ከእቁብ የደረሰኝን ደምሬ የመጀመሪያ መኪናዬን ልገዛ ነው። አንድ ደላላ የ2006 ሞዴል ቪትዝ አለች አለኝ፣ አውቶማቲክ፣ አንድ ሺ ሲሲ፣ "ሴት የነዳቻት ናት፣ ሞተሯ ያልወረደ፣ ቀለሟ የፋብሪካ" ምናምን። ቅዳሜ ከሰአት መገናኛ አካባቢ ሄድኩ።

ስደርስ ታጥባ፣ ጎማዋ ሳይቀር ተወልውሎ፣ ሞተሯ ተነስቶ ቆማለች። ለምን አስነሳችኋት ስል ባለቤትየው "ቆመሽ እንዳትጠብቂ ብዬ ነው" አለኝ። እኔ ሞኟ እንግዳ አክባሪነት መስሎኝ አመሰገንኩት። ከዛ ወደ ሲኤምሲ መስመር ቀጥ ባለው መንገድ አስር ደቂቃ ያህል ነዳሁ፣ ባለቤቱ አጠገቤ፣ ደላላው ከኋላ ሆኖ "ስፒከሯን ስሚያት እስኪ" እያለ ሬዲዮውን ከፍ ያስደርጋል። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት አመት ቢሆነኝም ልምዴ ትንሽ ነው፣ ምን ማዳመጥ እንዳለብኝም አላውቅ። ያስተዋልኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮሃል ግን ማርሽ ስትቀይር አይሰማኝም፣ ደግሞ ፍሬን ጠበቅ አርጌ ስይዝ መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ደላላው "ጎማዋ አዲስ ስለሆነ ነው" አለ።

መካኒክ ይዤ ልምጣ ስል "ነገ ጠዋት የሚወስዳት ሰው አለ እህቴ፣ ከወደድሻት ቀብድ አስይዢ"። አላስያዝኩም ግን ከዛ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እዚሁ ያሉት ናቸው እየተዟዟሩ የሚሸጡት፣ ይቺ ካመለጠችኝ ሌላ ላገኝ ነው እያልኩ እጨነቃለሁ። ድጋሚ ልንዳት ብል ነውር ነው እንዴ? ስነዳ ባጋጭስ ማነው የሚከፍለው?

ዘይት በእጁ፦

እህቴ ቀብድ አለማስያዝሽ ጎበዝ። ሳሪስ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደኩት፣ ሞቃ የጠበቀችሽ መኪና ምንም አትነግርሽም። የደከመ ሞተር ጉዱን የሚያወጣው ጠዋት መጀመሪያ ሲነሳ ነው፣ አንዴ ከሞቀ በኋላ ሁሉም ጨዋ ነው።

ስለዚህ ጠዋት 1 ሰአት ላይ ሂጂ፣ በራቸው ላይ ደርሰሽ ደውዪ። መጀመሪያ ኮፈኑን በመዳፍሽ ንኪው፣ ለብ ካለ ተሰናብተሽ ሌላ ቀን ተመለሽ። ከቀዘቀዘ ሳታስነሺ ቁልፉን ኦን (ON) እስከሚለው ድረስ ብቻ አዙሪ። ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት መብራት አለበት፣ ስታስነሺ ደግሞ መጥፋት አለበት። ከመጀመሪያውም ካልበራ አንዱ ሆን ብሎ አውልቆታል ወይ ሸፍኖታል። ብዙ ሰው መጥፋቱን ነው የሚያየው፣ መጀመሪያ መብራት አለመብራቱን አያይም።

ስትነሳ አንድ ሰው ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጋ ይቁም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላች ነው። ነጭ እንፋሎት በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ትንሽ ቢወጣ አያስደነግጥም፣ ከሞቀች በኋላም ካላቆመ ግን ውሃ እያቃጠለች ሊሆን ይችላል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተበልቷል ማለት ነው። የዘይት ክዳኑን ክፈቺና ውስጡን እይ፣ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካለበት ጠርጥሪ። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪናም ትንሽ ታሳያለች፣ ስለዚህ በሱ ብቻ አትፍረጂ።

ማርሽ ስትቀይር አይሰማኝም ላልሽው አትጨነቂ፣ የዚህ ሞዴል አውቶማቲኩ ሲቪቲ ነው፣ እንደ ሌላው አንድ ሁለት ሶስት እያለ አይቀይርም፣ ሞተሩ አንድ ድምፅ ላይ ይቆይና ፍጥነቱ ይከተላል። መጥፎው ከቆመችበት ስትነሺ እንደሚንገጫገጭ ነገር ከተሰማሽ ወይ ሞተሩ ጮሆ መኪናዋ ዘግይታ ከሄደች ነው። ሲቪቲ ደግሞ የራሱ ዘይት ነው ያለው፣ ያገኙትን የካምቢዮ ዘይት ሞልተውበት ስንቱ መጥቶብናል።

መንገዱን አንቺ ምረጪ። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ድረስ ውጪ፣ ኤሲውን ከፍተሽ ሬዲዮውን ዘግተሽ። ዳገቱ ላይ ብታዘግም አትደንግጪ፣ አዲስ አበባ ራሷ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል፣ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፣ የአንድ ሺ ሲሲ ሶስት ፒስተን ከዛ በላይ አትጠይቂው። የምታይው ሙቀቱን ነው። ይቺ መኪና የሙቀት ጌጅ የላትም፣ ስትቀዘቅዝ ሰማያዊ መብራት፣ ስትግል ቀይ፣ መሀሉ ላይ ዝም። ቀዩ ብልጭ ካለ ዳር ይዘሽ አጥፊ፣ ራዲያተሩን እንዳትከፍቺ ፊትሽን ያቃጥልሻል።

ቁልቁል ስትወርጂ ፍሬኑን ሞክሪ፣ ያ የመሪ መንቀጥቀጥ የጎማ ሳይሆን የፊት ዲስኩ የተጣመመ ነው የሚመስለኝ። ከዛ ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ፈልጊና መስኮቱን አውርደሽ ቀስ እያልሽ ንጂ፣ ኳ ኳ ካለ ሾክ አብዞርበር ወይ ቴስቲኒ (የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያ) ነው። ሰፊ ቦታ ላይ መሪውን ጥግ ድረስ አዙረሽ ክብ ሂጂ፣ ቀጭ ቀጭ ካለ ሲቪ ጆይንት ነው፣ የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መገጣጠሚያ። እነዚህ ግን የሚሰሩ ናቸው፣ ከዋጋ ታስቀንሺበታለሽ። ሞተርና ካምቢዮ ነው የሚያስለቅሰው።

ዱባይ የዞረች፦

መካኒኩ ያልነካውን ልጨምር። ቪትዝ የሚባለው ስም የጃፓን ገበያ ነው፣ መሪው በቀኝ ነበር ማለት ነው፣ እኛ ጋ ካሉት ብዙዎቹ መሪያቸው በኋላ የዞረ ነው። ስፒዶሜትሩ መሀል ላይ ስለሆነ ክሩስኮቱን አይተሽ አታውቂም። የኔን ያወኩት ክረምት ላይ ነው፣ ዝናብ መጥረጊያው ለተሳፋሪው በደንብ ይጠርጋል ለኔ በግራ በኩል ጥግ ላይ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ይተዋል። እስካሁን አንገቴን አስግጌ ነው የምነዳው። ውሃ ረጭተሽ ሞክሪያት። መሪው መዞሩ ብቻውን አይገድልም፣ ማን እንዳዞረው ነው ነገሩ፣ ስትነጂ ቀጥ ባለ መንገድ መሪውን ላላ አርጊና ወደ አንዱ ጎን ከሳበች ጠይቂ።

ሸጬ የተገላገልኩ፦

እኔ ደግሞ ከሻጭ በኩል ልናገር፣ ሁላችሁም ሻጭ ሌባ አረጋችሁት። ባለፈው አመት መኪናዬን ስሸጥ አንዱ ሶስት ጓደኞቹን ጭኖ ልሞክራት ብሎ ቀለበት መንገድ ላይ እንደ ራሊ ነዳብኝ፣ ቤንዚን ለማግኘት ስንት ሰአት የተሰለፍኩበትን አቃጥሎ "አስብበታለሁ" ብሎ ሄደ። ከዛ በኋላ ደንብ አወጣሁ፣ መንጃ ፈቃዱን አያለሁ፣ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ከሱ ጋ አንድ ሰው ብቻ፣ እንጦጦ የሚወጣ ነዳጁን ይሙላ። ጀማሪዋ እህቴ እንደዚህ ብለሽ ቅረቢያቸው፣ ነዳጁን በራሴ እሞላለሁ በያቸው፣ ንፁህ ሻጭ እምቢ አይልም። ዋናውን መንጃ ፈቃድሽን ወይ መታወቂያሽን መያዣ ስጪን ካሉሽ ግን አትስጪ፣ ፎቶ አንስተው ይያዙ።

ሰነድ ያዥ፦

የግጭቱን ጥያቄ ማንም አልመለሰላትም። ሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ሌላ ሰው ላይ የምታደርሺውን ነው፣ የምትነጃትን መኪና አይሰራልሽም። ሙሉ ኢንሹራንስ ካላት ማን እንዲነዳ እንደሚፈቅድ ውሉን አስነብቢ። ከሌላት ከመነሳትሽ በፊት ከባለቤቱ ጋ ተነጋገሪ፣ ያፍራል እንጂ አይጣላሽም።

ሁለተኛ፣ ስትነጂ ያገኘሽውን ጉድለት ሁሉ ውሉ ላይ አስፍሪ፣ ደላሎች የሚያዘጋጁት ውል ላይ "አይቼ ወድጄ ባለችበት ሁኔታ ገዝቻለሁ" የምትል መስመር አትጠፋም። ቀብድ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰጪው ከቀረ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፣ ስለዚህ በባዶ ወረቀት አታስይዢ። ከመንዳትሽም በፊት ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋ አስተያዪ፣ የሁለት ደቂቃ ስራ ነው። ቦሎ (የዓመታዊ ምርመራ ተለጣፊ) አላት ቢሉሽ ደስ ይበልሽ፣ ግን ቦሎ ፍሬን አይሆንም።

ባለ ሎንቺና፦

ሬዲዮውን ከፍ ያስደረገው ደላላ እኔንም ሸጦኛል መሰለኝ 😂😂

ጀማሪዋ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰአት ላይ ሄድኩ፣ "ነገ ጠዋት የሚወስዳት" ሰውዬ አልወሰዳትም። ኮፈኗ በረዶ ነበር። ባለቤቱ በነጠላ ጫማ ወጣ፣ ቁልፉን ኦን ላይ ሳደርግ የዘይቱም የባትሪውም መብራት በራ፣ ቼክ ኢንጂን የለም። ሁለት ሶስቴ ሞከርኩት የለም። "አምፖሉ ተቃጥሎ ይሆናል" አለ ወደ መሬት እያየ። ጭስ ምንም አልነበራትም፣ ዘይት ክዳኑም ንፁህ ነው። አምስት መቶ ብር ነዳጅ ሞልቼ እንጦጦ ወጣን፣ ቀይ መብራት አላየሁም፣ ቁልቁል ስንመለስ ግን መሪው ያንኑ መንቀጥቀጥ ደገመው። ኮብልስቶኑ ላይ በግራ በኩል ኳ ይላል፣ ያኔ ባለቤቱ ራሱ "እሱን እንኳን እኔም ሰምቼዋለሁ" አለኝና ሳቅን።

ሐሙስ ስካነር (የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያነብ መሳሪያ) ያለው ልጅ ይዤ ልመለስ ተስማማን፣ መብራቱ ለምን እንደማይበራ ሳላውቅ ብር አላወጣም። ደላላው ግን ከማክሰኞ ጀምሮ እህቴ ማለቱን ትቶ "ኢንጂነር" እያለ ነው የሚደውልልኝ።