ልጄ ላቲን ልማር ትላለች፣ እኔ ስፓኒሽ እላለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ወገኖቼ። ትልቋ ልጄ በነሐሴ ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች። የትምህርት መምረጫውን ቅጽ እስከ አርብ ፈርሜ መመለስ አለብኝ። የውጭ ቋንቋ የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ ተጣላን። እሷ ላቲን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች። እኔ ደግሞ ማንም የማይናገረው ቋንቋ ምን ይሠራልሻል፣ ስፓኒሽ ነገ እንጀራ ይሆንሻል አልኳት። ይኸው ሦስት ቀኗ፣ እራት የምትበላው አኩርፋ ነው።

ላቲን ለዲፕሎማው እንደ ስፓኒሽ ይቆጠራል? ሁለቱንም ብትወስድስ አይምታታባትም? እቤት የምንነጋገረው በአማርኛ ነው።

መልስ፦ የላቲን ተማሪ አባት፣ አሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ እኔም ከልጄ ጋር እንዲሁ ተሟግቼ ነበር። ላቲን በደንብ ይቆጠራል። እዚህ ቨርጂኒያ አድቫንስድ ስተዲስ የሚባለው ዲፕሎማ የሚጠይቀው አንድ ቋንቋ 3 ዓመት፣ ወይም ሁለት ቋንቋ ሁለት ሁለት ዓመት ነው። ላቲንም ስፓኒሽም ለዚህ እኩል ናቸው።

ግን አንድ ነገር አጣሪ። ትምህርት ቤቱ ላቲን እስከ ስንተኛ ደረጃ ይሰጣል? ብዙ ቦታ የላቲን አስተማሪ አንድ ሰው ብቻ ነው። የኛ ልጅ ሁለተኛውን ዓመት ሲጨርስ አስተማሪዋ ለቀቁ፤ ሦስተኛውን በኢንተርኔት ነው የተማረው፣ ያውም ብቻውን ሲታገል። ይህን ሳትጠይቂ አትፈርሚ።

ሌላው፣ ወደፊት ኤፒ ላቲን የሚባለውን የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት የምትወስድ ከሆነ ያገለገለ መጽሐፍ ስትገዢ ተጠንቀቂ። ቀድሞ ከሮማዊው ገጣሚ ከቨርጂል ጋር የሚነበበው የቄሳር ጽሑፍ ነበር። ከ2025 መኸር ጀምሮ በቄሳር ቦታ ትንሹ ፕሊኒ የሚባለው ሌላ ሮማዊ ጸሐፊ ገብቷል።

መልስ፦ ነርስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ከአንቺ ጋር ነኝ፣ ስፓኒሽ ይቅደም። ባለፈው ሌሊት ተረኛ ሆኜ አንዲት የኤል ሳልቫዶር እናት ሆዳቸውን ይዘው መጡ። «ሜ ዱዌሌ አኪ» ይላሉ፣ እዚህ ጋ ያመኛል ማለታቸው ነው። አስተርጓሚ በስልክ እስኪገኝ እጃቸውን ይዤ ቆምኩ። የት፣ ከመቼ ጀምሮ ብዬ በቋንቋቸው መጠየቅ ብችል ምን ነበረበት።

ልጅሽ ላቲን የምትለው ሕክምና ለማጥናት አስባ ከሆነ፣ የአካል ክፍሎች ስም በብዛት ላቲን ነው፣ እውነት ነው። የበሽታዎቹ ስም ግን አብዛኛው ከግሪክ የመጣ ነው። እኛ ሁሉንም ነርሲንግ ስንማር ነው የሸመደድነው።

መልስ፦ ሁለቱንም የተማርኩ፣ የኮሌጅ ተማሪ

እትዬ፣ እኔ ዘጠነኛ ላይ ላቲን ጀመርኩ፣ አሥረኛ ላይ ስፓኒሽ ጨመርኩ። ሁለቱን በአንድ ዓመት እንዳያስጀምሯት። የመጀመሪያው ዓመት የግስ ሰንጠረዥ መሸምደድ ነው፣ በእርግጥ ይምታታል። አንድ ዓመት ከቀደመ ግን አንዱ ሌላውን ይጎትታል። በላቲን «ኖክቴ» ያልኩት ሌሊት በስፓኒሽ «ኖቼ» ሆኖ መጣ። ስምንት «ኦክቶ» ነበር፣ «ኦቾ» ሆነ። ወተት «ላክቴ» ነበር፣ «ሌቼ» ሆነ። ይህን ካየሁ በኋላ ስንቱን ቃል ሳልሸመድድ ገመትኩት!

አማርኛዋ ደግሞ ትልቅ ስንቅ ነው። የክፍል ጓደኞቼ ላቲን ላይ ሳምንታት የተቸገሩበትን ነገር እኔ ወዲያው ገባኝ። «ካኒስ ሆሚኔም ሞርዴት» ማለት ውሻ ሰውን ይነክሳል ነው። «ሆሚኔም» መጨረሻው ላይ ያለችው «ም» የኛን «ን» ሥራ ነው የምትሠራው። ቃላቱን ቢያገላብጧቸውም ተነካሹ ሰውየው ነው፣ እኛም «ሰውን ውሻ ይነክሳል» ብንል ማን እንደተነከሰ ይታወቃል። ስፓኒሽ ላይ «ሜ ጉስታ» ሲሉን እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቁት ግራ ገባቸው። ለኔ «ደስ ይለኛል» ማለት ነው፣ አለቀ። «ኡስቴድ»ም «እርስዎ» ነው፤ ለማን እንደሚባል እናቴ በልጅነቴ አስተምራኛለች።

የከፈልኩትም አለ፣ የሙዚቃ ክፍል ለቅቄያለሁ። በቀን ያለው ክፍለ ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ምን እንደምትተው አብራችሁ እዩት።

መልስ፦ ዲያቆን፣ ዲሲ

እህታችን፣ «ማንም የማይናገረው» ስላልሽው ነው። ግዕዝንም በመንገድ ላይ የሚነጋገርበት የለም፤ እኛ ግን በየሳምንቱ እንቀድስበታለን። ደግሞ ላቲን ከኛ ሩቅ አይደለም። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ የአማርኛን ሰዋስው በ1698 ሲያሳትም የጻፈው በላቲን ነው። ልጅሽ አንድ ቀን ያንን በቀጥታ ብታነብ ደስታው የሁላችን ነው።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ደወልኩ። ላቲን እስከ አራተኛ ደረጃ አለ፣ አስተማሪዎቹም ሁለት ናቸው። ቅጹ ላይ ላቲን ሞላን፤ ስፓኒሽ አሥረኛ ላይ ትጀምራለች፣ ቃል ገብታልኛለች። የተማሪዋን መልስ ሳነብላት ተነስታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። «ላክቴ፣ ሌቼ፣ ወተት» እያለች ለታናሽ ወንድሟ ቀዳችለት።