ኤስፒኤፍ 50 ተቀብቼም ፊቴ ተላጠ፣ ነገ ጠዋት ሳይት አለ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

ፕሪዝም ያዥ፦
ሰላም ቤተሰብ አስቸኳይ ነው። አፋር ሎግያ ነው ያለሁት፣ ለመንገድ ቅየሳ መጥተን ዛሬ ዘጠነኛ ቀናችን ነው፣ እኔ የቅየሳ ማሽኑ የሚያነበውን ፕሪዝም የሚባል መስታወት ይዤ ነው የምቆመው። ፊቴ ተቃጠለ፣ አፍንጫዬና ጉንጬ ተላጧል፣ የእጄ ጀርባ ጠቁሮ ሲነካ ይለበልበኛል ጥፍሬ ስር ሁሉ ያመኛል። ኤስፒኤፍ 50 የሚል ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ከአዲስ አበባ ገዝቼ በየቀኑ እየተቀባሁ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው። ዛሬ ጭራሽ መኪና ውስጥ ኤሲ ተከፍቶ መስታወት ተዘግቶ ጋቢና ተቀምጬ በመስኮቱ በኩል ያለው ቀኝ እጄ ሲያቃጥለኝ ዋለ። ነገ 12 ሰዓት ወጥተን እስከ 11 ነን፣ ገና 2 ሳምንት ይቀረናል። የቱ ሰንስክሪን ነው የሚሻለው? 100 የሚለውን ላስመጣ? ዛሬ ሌሊት ከአዲስ አበባ የሚነሳ መኪና አለ፣ ለሾፌሩ እስከ 3 ሰዓት ካልደወልኩለት አለቀ።

ሽሮ ፈሰስ፦
በግንቦት ሎግያ? ለአንተ ሰንስክሪን ሳይሆን ፎይል ነው የሚያስፈልግህ ወንድሜ፣ ድንችም ፍም ውስጥ ሲገባ ተጠቅልሎ ነው

አባ ሞገድ፦
እኔ ግን ይሄ ሰንስክሪን የሚባል ነገር ለእኛ የተሠራ አይመስለኝም፣ የፈረንጅ ነው። አባቴ ወሎ ውስጥ ዕድሜ ልኩን በጠራራ ፀሐይ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው፣ ምንም ተቀብቶ አያውቅም ምንም አልሆነም። አንተ አስር ቀን ሳይሞላህ ተላጥክ። የላጠህ ክሬሙ ራሱ ነው፣ ጣለው።

ቆዳ ወዳጅ፦
አባ ሞገድ፣ አባትህ አልተቀቡም እንጂ ባርኔጣ አድርገው ጋቢ ደርበው ነው ያረሱት፣ ሰንስክሪናቸው እሱ ነበር። ጥቁር ቆዳ የራሱ መከላከያ አለው እውነት ነው ግን አይቃጠልም ማለት አይደለም፣ ማድያት ያለበት ሰው ደግሞ ትንሽ ፀሐይ ስታገኘው እንዴት እንደሚብስበት እህቶቻችንን ጠይቅ።

ጠያቂው፣ አንተ ደግሞ ቁጥር አታሳድ። 30 የሚለው በትክክል ከተቀባኸው ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶውን ያስቀራል፣ 50 ደግሞ 98 በመቶውን፣ 100 ሲሆን 99 ነው። ከ50 ወደ 100 ስትሄድ የምትጨምረው ጥቅም አንድ ፐርሰንት ናት። ሰው የሚሳሳተው ልኩ ላይ ነው፣ የአተር ፍሬ የምታክል ጠብ አድርጎ ፊቱን በሙሉ ያዳርሳል፣ እንደሱ ሲሆን 50ው 10 እንኳን አይሆንም። ለፊትና ለአንገት የሌባ ጣትህና የመሀል ጣትህ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት መስመር አውጣ፣ ልኩ እሱ ነው፣ ጆሮና ማጅራት እንዳይረሳ። ከመውጣትህ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በፊት ተቀባ፣ ከዚያ በየ2 ሰዓቱ ድገም፣ ላብ ካለ ደግሞ ከዚያም ቶሎ። ላብና ውሃ ይቋቋማል የሚለው ጽሑፍ ቢበዛ ለ80 ደቂቃ ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ ማለት አይደለም። አንተ ጠዋት 12 ሰዓት ተቀብተህ 11 ሰዓት ድረስ ከቆምክ ግማሹን ቀን ባዶ ፊትህን ነህ።

ሚሚ የመርካቶዋ፦
ማታ ማታ ሎሚ በማር ቀቢበት፣ ጥቁረቱን ያነሳዋል። ቀን ደግሞ ቫዝሊን። እኔ ሁሌም እንደዛ ነው

ቆዳ ወዳጅ፦
ኧረ በማርያም ሎሚ አይነካ!! ሎሚ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ራሱ ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ይተዋል። ማቅያ ክሬም የሚቀባም ካለ እዚያው ያቁም፣ ቆዳን አሳስቶ ለፀሐይ አሳልፎ ይሰጣል።

ፕሪዝም ያዥ፦
በመጀመሪያ ሴት ነኝ። ሎሚም ማቅያም አልተቀባሁም። በቀን አንዴ ነው የምቀባው እውነት ነው፣ ክሬሙ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ስለሚቀመጥ መኪናው ደግሞ ከእኛ ርቆ ነው የሚቆመው። አሁን ሳየው ውሃውና ዘይቱ ለየብቻ ሆኗል ሳወጣው ቀድሞ ውሃ ነው የሚፈሰው፣ ችግር አለው?

ሽሮ ፈሰስ፦
ይቅርታ እህቴ። የአፋር ዳሽቦርድ ላይ እንቁላል ብታስቀምጪም ቁርስ ይሆንልሽ ነበር

ዱባይ ነኝ፦
ውሃና ዘይቱ ከተለየ ሞቷል እህቴ ጣይው። እኔ እዚህ ሳይት ላይ ስድስተኛ የሙቀት ወቅቴ ነው፣ ሰንስክሪን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ከውሃው ጋር አይስ ቦክስ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። ግን እውነቱን ልንገርሽ ክሬም ሁለተኛ ነው። እዚህ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከ12:30 እስከ 3:00 (በእናንተ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9) ፀሐይ ላይ ሠራተኛ ማሠራት በሕግ ክልክል ነው። ሕግ የወጣው ክሬም ስለጠፋ አይደለም። አንገትና ፊት የሚሸፍን ሻሽ ከሄልሜት ስር እናስገባለን፣ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ፣ ስስ የሆነ ጓንት። ቲሸርት የለበሰ አንድም አበሻ ሳይት ላይ አታይም፣ ቲሸርት የለበሰ አዲስ የመጣ ነው።

ጋሽ ቴዎዶላይት፦
ልጄ፣ እኔ በዚህ ሥራ 31 ዓመት ቆይቻለሁ፣ ዲቼኦቶም ሚሌም ሠርቻለሁ። በእኛ ጊዜ ክሬምም አልነበረም ግን ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ማንም አይሠራም ነበር። ለመሆኑ ቀን 6 ሰዓት ላይ ምን ታነባላችሁ? አየሩ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጥ የለም ወይ፣ ፕሪዝሙ በመነጽሩ ውስጥ ሲደንስ ነው የሚታየው፣ ያነበባችሁትን መልሳችሁ ማረማችሁ አይቀርም። ለአለቃችሁ ስለ ፊትሽ አትንገሪው፣ ስለ ስህተቱ ንገሪው፣ ያኔ ይሰማል። 11 ሰዓት ተኩል ጎህ ሲቀድ ጀምሩ፣ 4 ሰዓት ተኩል አቁማችሁ ጥላ ስር ዳታ አውርዱ፣ 10 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ደግሞም ለማሽኑ ጃንጥላ ይዘረጋለታል አይደል? ሁልጊዜ የሚገርመኝ እሱ ነው፣ ለቅየሳ ማሽኑ ለቶታል ስቴሽኑ ጃንጥላ አለ፣ ፕሪዝም ለያዘችው ልጅ የለም።

ሽሮ ፈሰስ፦
ማሽኑ በዶላር ነው የተገዛው ጋሼ

ከፍታ 3000፦
ሰዎች አንድ ነገር እያምታታችሁ ነው። ሙቀትና ዩቪ (ቆዳ የሚያቃጥለው የማይታየው የፀሐይ ጨረር) ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሎግያ ሙቀቱ ይግደል እንጂ ቦታው ዝቅ ያለ ነው፣ ዩቪ ደግሞ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ 2300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ ሹራብ ለብሰሽ የምትሞቂው ፀሐይ ከሎግያው የባሰ ሊያቃጥል ይችላል። እኔ በሕይወቴ ክፉኛ የተላጥኩት ሰሜን ተራሮች ላይ በብርድ ጓንት አድርጌ ነው። ስለዚህ ጥያቄው አዲስ አበባ ያልተላጥሽ ሎግያ ለምን ተላጥሽ ነው።

አባ ሞገድ፦
አላልኩም? ክሬሙ ነው

ፕሪዝም ያዥ፦
አዲስ አበባ ቢሮ ነው የምውለው እኮ። እዚህ ነው ቀኑን ሙሉ የምቆመው። አሸዋውም ያንጸባርቃል። እሺ ግን የቱን ላስመጣ ነው ያልኩት፣ 2 ሰዓት ከሩብ ሆነ

ቤቲ ግሎው፦
በየ2 ሰዓቱ መቀባት ነው ዋናው ውዴ

ጎንደሬው፦
በየ2 ሰዓቱ ድገሚ፣ ጆሮሽንም እንዳትረሺ

ሽሮ ፈሰስ፦
ማንም ከላይ ያለውን አያነብም ማለት ነው

የመድኃኒት ቤት ልጅ፦
አንድ ጥያቄ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ለወባ መከላከያ ኪኒን ሰጥተዋችኋል?

ፕሪዝም ያዥ፦
አዎ ከክሊኒክ ሰጥተውናል፣ በቀን አንድ ካፕሱል። ዶክሲ የሚባለው። ምነው?

የመድኃኒት ቤት ልጅ፦
እሱ ነው እንግዲህ። ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋል፣ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳቱ ነው፣ ሲሰጡሽ ሊነግሩሽ ይገባ ነበር። አፍንጫና የእጅ ጀርባ ብለሽ ስትጀምሪ ጠርጥሬ ነበር፣ ጥፍር ስር ያመኛል ስትዪ እርግጠኛ ወደመሆን ደረስኩ፣ ዶክሲ የሚወስድ ሰው ፀሐይ ላይ ሲቆይ ጥፍሩን ሊያመው አንዳንዴም ከሥጋው ሊለቅበት ይችላል። የመኪናውም ነገር ያው ነው። ኤስፒኤፍ የሚለው ቁጥር በዋናነት የሚለካው ዩቪቢ የሚባለውን ጨረር ነው፣ ዶክሲ የሚጣላው ግን ከዩቪኤ ጋር ነው፣ ዩቪኤ ደግሞ የመኪናውን የጎን መስታወት ያልፋል። ስለዚህ 100 ብታስመጪም ዩቪኤ ካልያዘ ያው ነሽ።

ለሾፌሩ እንዲህ በይው፣ 30ም ይሁን 50 ግድ የለም፣ ብሮድ ስፔክትረም የሚል (ዩቪኤንም ዩቪቢንም ይይዛል ማለት ነው)፣ ወይም ዩቪኤ የሚለው በክብ ውስጥ የተጻፈበት፣ ወይም ፒኤ ብሎ አራት የመደመር ምልክት ያለበት። ከውስጡ ዚንክ ኦክሳይድ ካለው ይሻልሻል፣ በላብ ዓይን ውስጥ ሲገባም እንደ ሌላው አያቃጥልም። ነጭ ነጭ ያደርግሻል፣ ቀለም ያለውን ካገኘ እሱን ያምጣ። ጊዜው ያላለፈበት ይሁን፣ ከፋርማሲ ይገዛ እንጂ ከቡቲክ አይሁን። አንድ ትንሽ ቱቦ ለ2 ሳምንት አይበቃሽም፣ ሁለት ሦስት ይያዝ።

ፕሪዝም ያዥ፦
ወይኔ!! ማንም አልነገረኝም። በቃ ዶክሲውን ከዛሬ ጀምሮ ልተወው?

የመድኃኒት ቤት ልጅ፦
በጭራሽ በራስሽ እንዳታቆሚ። የተላጠ ፊት ይድናል፣ ወባ ሌላ ነገር ነው። ለሰጠሽ ክሊኒክ ነገ ደውለሽ እንዲህ ሆንኩ በያቸው፣ ሌላ ዓይነት መከላከያ አለ ይቀይሩልሻል፣ እስከዚያ ግን ውሰጂ፣ ከዚያ አካባቢ ከወጣሽም በኋላ 4 ሳምንት እንደሚቀጥል አትርሺ። ዛሬ ማታ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አድርጊበት፣ የሚላጠውን አትላጪው፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቅባት ስስ አድርገሽ ቀቢው፣ የጥርስ ሳሙና የሚሉሽን አትስሚ። ውሃ ከቋጠረ ወይ ትኩሳት ከመጣ ዱብቲ ሆስፒታል ቅርብሽ ነው፣ አትጠብቂ። ነገ ክሬሙ እስኪደርስ ደግሞ በልብስ ነው የምትከላከይው፣ ሌላ አማራጭ የለሽም።

የወንድሟ ልጅ ጠባቂ፦
ስለ ልብሱ እኔ ልጨምር። የወንድሜ ልጅ አልቢኖ ነው፣ እኛ ቤት ሰንስክሪን መዋቢያ ሳይሆን መድኃኒት ነው፣ ሁልጊዜ መግዛት ስለማንችል በልብስ መሸፈን በደንብ ተምረናል። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተሽ እዪው፣ ብርሃን ካሳለፈ ፀሐይም ያሳልፋል። ስስ ነጭ ቲሸርት በላብ ሲርስ ጭራሽ የለም በይው። ጠጠር ብሎ የተሸመነ ጠቆር ያለ ሰፋ ያለ ሸሚዝ፣ ጂንስ ሸሚዝም ይሆናል። ኬፕ ኮፍያ ጆሮና ማጅራት አይሸፍንም፣ ዙሪያውን ክንፍ ያለው ባርኔጣ ነው፣ ክንፉ አራት ጣት ይሁን። ነጠላ ካለሽ ለሁለት አጥፈሽ ከባርኔጣው ስር ጣል አድርጊው። መነጽርም ዩቪ 400 የሚል ካልሆነ ጥቁር ስለሆነ ብቻ አትግዢ፣ ጥቁሩ የዓይንን ብሌን ያሰፋል ጨረሩን ግን አያስቀርም።

ሚሚ የመርካቶዋ፦
በዚህ ሙቀት ጠቆር ያለ ልብስ?? ትሞታለች እኮ

የወንድሟ ልጅ ጠባቂ፦
ሰፋ ካለ ነፋስ ይገባዋል። ጠባብ ጥቁር አላልኩም

ዱባይ ነኝ፦
ውሃ ብቻ እንዳትጠጪ፣ ኦአርኤስ በጥብጠሽ ያዢ። ላብ ጨው ይወስዳል። ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ላቡ ቆሞ ሰውነትሽ ከጋለ ወይ መዘባረቅ ከጀመርሽ ያ የቆዳ ጉዳይ አይደለም፣ ውሃ እያፈሰሱብሽ ወደ ሐኪም ይውሰዱሽ። ይሄን ለጓደኞችሽም ንገሪያቸው፣ ዶክሲ የወሰድሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

ፕሪዝም ያዥ፦
ለሾፌሩ ደወልኩለት፣ ዩቪኤ በክብ ውስጥ በለው ብዬ አጽፌዋለሁ፣ ሁለቴ አስደግሜዋለሁ። ሹፌሩ ዶክሲ ለአንቺ ብቻ ነው እንዴ የተሰጠው እኔም እወስዳለሁ እጄ ላይ ምንድነው ብዬ ነበር አለኝ። ነጠላ አለኝ። ጋሼ ያሉትን ለአለቃዬ ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ፣ ይሳቅብኛል እንጂ። ኔትወርኩ እየሄደብኝ ነው አመሰግ

ሽሮ ፈሰስ፦
ቆረጣት

አባ ሞገድ፦
እኔ አሁንም ክሬሙ ነው ባይ ነኝ

ጋሽ ቴዎዶላይት፦
አለቃሽ ምን አለ ልጄ?

(ከ3 ሳምንት በኋላ)

ሁመራ መንገደኛ፦
ፕሪዝም ያዥ እንዴት ሆንሽ፣ ዳንሽ? ክሊኒኩ ቀየሩልሽ? እኔም ሐሙስ ወደ ሁመራ ልሄድ ነው ዶክሲ ሰጥተውኛል። ያ ክንፍ ያለው ባርኔጣ መርካቶ የት ነው የሚገኘው?

ሽሮ ፈሰስ፦
እሷ ከዚያ ወዲህ አልታየችም፣ ወይ ድናለች ወይ ኔትወርክ የለም። ባርኔጣ ምናለሽ ተራ ሳልቫጁ ውስጥ ፈልግ፣ አገጭ ስር የሚታሰር ገመድ ያለውን ያዝ፣ ያለዚያ ነፋሱ ሱዳን ያደርስልሃል