የጥጥ አንሶላ መጨማደድ አሰልችቶኛል፤ መላ ያላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ችግሬ ተራ ይመስላል፤ እኔን ግን አማሮኛል።

ፖሊስተር የተቀላቀለበት አንሶላ ሌሊት ስለሚያልበኝ ትቼው መቶ በመቶ ጥጥ ገዛሁ። ለእንቅልፍ ወደር የለውም። ታጥቦ ሲደርቅ ግን በእጅ የተጨመደደ ወረቀት ነው የሚመስለው።

ምክንያቱ ይገባኛል። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ክሩ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ በነበረበት እጥፋት ይጸናል። የኔ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ማሽኑን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አስነስቼ ተመልሼ እተኛለሁ። ጠዋት ሳወጣው እንደ ገመድ ተገምዶ ይጠብቀኛል።

የማሽኑን መጭመቂያ ከ1200 ዙር ወደ 600 ዝቅ አደረግኩ፤ ትንሽ ተሻለ። ከእህቴ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘን፣ እንደ ጋቢ አርገፍግፈን ወጠር ስናደርገው ደግሞ ቀጥ ይላል። ግን እሷ የምትመጣው በ15 ቀን አንዴ ነው። ብቻዬን ስሞክር ጫፉ ኮሪደሩን ጠርጎልኝ አረፈ። እንደገና ማጠብ!

ካውያ አትበሉኝ፤ ግማሽ ላይ ስደርስ መብራቱ ድርግም ይላል።

እስቲ ንገሩኝ፦ ብቻችሁን የምታሰጡ እንዴት ነው የምትወጥሩት? ትንሽ እርጥበት እያለው አጥፌ ፍራሽ ስር ባደርገውስ ይስተካከላል ወይስ ይሻግትብኛል? የሞከራችሁ ብቻ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ነጭ አንሶላ ነው፤ ለሙከራ አይሆንም።