ቮልስ 1300፦ ታይሚንጉን በጆሮ ማስተካከል ይበቃል?

ጥያቄ፦
ሰላም ጓዶች። የ1300 ቮልሴ አዲስ ፑንቲና (ተከፍቶ እየተዘጋ የሻማውን እሳት የሚያስነሳው መገናኛ) ከገባለት ወዲህ ታይሚንጉ፣ ማለትም ሻማው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት፣ ልክ አይደለም። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ ቆሞ ሲሰራ) ደህና ነው፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ግን ቅጭቅጭ ይላል፣ ሞቆ ሳስነሳው ደግሞ ወደ ኋላ ይመታል። እሳቱን ለየሻማው የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር የታሰረው ሞተሩ እየሰራ፣ ድምፁ ፈጠን ያለበት ቦታ ላይ ነው። የታይሚንግ መብራት (ሞተሩ እየሰራ ታይሚንጉን የሚያሳየው መሣሪያ) የለኝም። ያለ እሱ ይሆናል?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ እሳቱ ከሚገባው በላይ ቀድሟል። ሞተር ጭነት ሳይኖርበት ታይሚንጉ ሲቀድም ይፈጥናል፣ ስለዚህ ጆሮ ሁልጊዜ ወደ ማስቀደም ነው የሚስበው። በዚህ ሁኔታ ዳገት አታስወጣው፣ ቅጭቅጩ ከቆየ ፒስተን ይበሳል።

መብራቱ የግድ አይደለም። ለባትሪህ ቮልት የሚሆን ትንሽ አምፖል ይበቃል። መጀመሪያ ግን ፑንቲናውን 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ አድርገው፣ ክፍተቱ በተነካ ቁጥር ታይሚንጉም ይሄዳልና። ሲሰፋ ይቀድማል፣ ሲጠብ ይዘገያል። ከዚያ ፑሌጃውን (ሞተሩ ላይ ቺንጊያ የሚዞርበትን ጎማ መሰል ብረት) ወደ ቀኝ እያዞርክ የ7.5 ዲግሪውን ምልክት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር አገናኘው። ካለፈህ ወደ ኋላ አትመልሰው፣ ዙሩን ጨርሰህ እንደገና ና። የአምፖሉን አንድ ጫፍ ከቦቢና (ቮልቱን ለሻማ ከፍ ከሚያደርገው ጥቅል) ወደ ዲስትሪቢዩተር በሚሄደው ቀጭን ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ቦዲ ላይ አድርግና ቁልፉን ክፈት። ዲስትሪቢዩተሩን ላላ አድርገህ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ አምፖሉ እስኪጠፋ አዙረው። ከዚያ ቀስ ብለህ ወደ ግራ መልስ። ልክ ቦግ ሲል፣ ፑንቲናው የተከፈተው እዚያ ነው፤ እዚያው እሰረው። ቁልፉን ከፍተህ አትቆይ፣ ቦቢናው ይግላል።

መልስ 2፦
ትክክል። የኔ ጭማሪ፦ ዲስትሪቢዩተርህ ቫኪዩም (በሞተሩ መሳብ ታይሚንጉን የሚያስቀድም ክፍል) የሌለው፣ 009 የሚባለው ዓይነት ከሆነ በአምፖል ብቻ አትተወው። እሱን በታይሚንግ መብራት፣ ከ3000 ዙር በላይ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ መካከል ማየት ይሻላል። አዲስ ፑንቲና ደግሞ እግሩ ቶሎ ይበላል፣ ክፍተቱ ይጠባል፤ ትንሽ ከነዳኸው በኋላ ድገመው። ፑንቲናውን የሚከፍተው ካም ላይ ስስ ግራሶ ቀባ አድርግ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። የኔ ባለ ቫኪዩም ነው። ምልክቱን አገናኝቻለሁ፣ ግን ሮተሩ (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚዞረው ጣት) የሚያየው በዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ካለችው ጭረት ተቃራኒውን ነው።

መልስ 1፦
ጭረቷ የ1ኛው ሲሊንደር ናት፤ ያንተ ሮተር 3ኛው ሲሊንደር ላይ ነው። ፑሌጃው ሁለቴ ሲዞር ሮተሩ አንዴ ነው የሚዞረው። ፑሌጃውን አንድ ሙሉ ዙር ጨምር፣ ሮተሩ ጭረቷ ላይ ይመጣልሃል።