የጋራ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ፦ አስተያየት እስከ ዓርብ ብቻ

ጸሐፊዋ፦
ረቂቁ ተለጥፏል። ታች ግቢ ካለው ማኅበር ጋር በጋራ የምናስገባው ነው፤ ለጋሹ ሁለት ማኅበር ካልፈረመ አልቀበልም ስላለ እንጂ በምን ተዋደን። ዓላማው አንድ ነው፤ ከጃማይካ፣ ከትሪኒዳድ፣ ከዶሚኒካ፣ ከባርቤዶስ ሻሸመኔ የገቡት ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ዝማሬ፣ የከበሮ አመታት፣ ተረትና የመድኃኒት ቅጠል በድምፅ መቅዳት፤ በእጃችን ያሉትን ካሴቶች ወደ ዲጂታል መገልበጥ። ካሴቶቹን ሻጋታ ጀምሯቸዋል። አንዱን ብከፍተው ቴፑ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነጭ ዱቄት ያራግፋል። ማጠቃለያው ሐምሌ 16፣ በጃንሆይ ልደት። በጀቱ ገጽ 4 ላይ ነው። ከዓርብ በኋላ የሚመጣ አስተያየት አልሰማም።

ከበሮ መቺው፦
ገጽ 4፣ ተራ ቁጥር 11። «ጨው ዓሣ» ምንድነው?

ጸሐፊዋ፦
የምሳው ነው። ማማዎቹ አኪ የሚባለውን ፍሬና ጨው ዓሣ (በጨው የደረቀ ዓሣ) እንሠራለን ብለው ነው።

ከበሮ መቺው፦
በከበሮ ቀን? አይታል፣ ያለ ጨው የሚሠራው የራስታ ምግብ፣ በሚበላበት ግቢ ጨው? ስሜን አውጡልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ስምህ የገባው ሦስቱ ከበሮዎች፣ ባሱ፣ ፈንዴውና ኬቴው፣ እንዴት እንደሚመቱ እንድታስረዳ ነው፤ ለመብላት አይደለም። ተራ ቁጥር 3 ላይ ለመቅረጫ ማሽን የያዝኩትን አንድ ሰው አላየውም፤ ዓሣው ጋ ሲሆን ሁሉም ዓይኑ በራ።

የትሪኒዳድ ልጅ፦
ሁሉም የት አለ፣ እሱ ብቻ ነው። ጨው ዓሣ ከባርቤዶስ እስከ ጃማይካ ሳይበላው ያደገ የለም። ቅርስ እንጠብቅ እያላችሁ ቅርሱን ከሰሃን ልታነሱ ነው?

ከበሮ መቺው፦
የምን ቅርስ? የባሪያ ቀለብ ነው። ከሰሜን አሜሪካ ሲጫን ደህናው ኮድ የሚባለው ዓሣ ለአውሮፓ ይሄዳል፣ ተራፊው ለሸንኮራ እርሻው ባሪያ ይሰፈራል። እሱን ነው በበዓል ቀን ለእንግዳ የምናቀርበው? ጃማይካ፣ ሙር ታውን ያሉት ማሩኖች፣ ከባርነት ያመለጡት ሰዎች ልጆች፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ዩኔስኮ የመዘገበላቸው በዝማሬያቸውና በከበሯቸው ነው፤ በወጥ አይደለም።

የማማ ልጅ፦
ሄይቲ በ2021 ያስመዘገበችው ሾርባ ነው። የዱባ ሾርባ! ጌቶቹ ባሪያው አብስሎ እንዳይቀምሰው ይከለክሉት ነበር፤ ነፃነት ከታወጀበት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ጀምሮ በየዓመቱ በዚያች ቀን ይበሉታል። ወጥ አይመዘገብም ያለህ ማነው? እናቴ ያንን ተራፊ ዓሣ ሌሊቱን ዘፍዝፋ፣ ውሃውን እየቀየረች፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ጠብሳ ነው ያሳደገችን። ያጣፈጡት እነሱ ናቸው። የማከብረው እጃቸውን ነው። እንደ አንተ ከሆነ ብሬድፍሩት የሚባለውንም ፍሬ ጣለው፤ ካፒቴን ብላይ በ1793 ከታሂቲ ያመጣው ለዚያው ለባሪያ ማብያ ነው።

ከበሮ መቺው፦
እናትሽን አልነካሁም።

የማማ ልጅ፦
«የባሪያ ቀለብ» ብለህ ምኗን አልነካህም?

የመድኃኔ ዓለም ሰፈር፦
ሐምሌ 16 እኮ ዘንድሮ ረቡዕ ነው። ግማሾቻችን ተጠምቀናል። ዓሣ በጾም?

የትሪኒዳድ ልጅ፦
ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ እንዳትጀምሩት። ሊቃውንቱ ያልጨረሱትን እኛ በገጽ 4 ልንጨርሰው ነው?

የመድኃኔ ዓለም ሰፈር፦
አይበላም። ጨርሼዋለሁ።

ከታች ግቢ፦
እኛ ጋ ይበላል። ጨውም ይገባል። ይልቅ ሌላ ጥያቄ አለኝ። መግቢያው ላይ የሻሸመኔው 5 ጋሻ መሬት ለምን ተዘለለ? ጃንሆይ መሬቱን የሰጡት በጣሊያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙት በዓለም ያለን ጥቁሮች ነው፤ ዶክተር መላኩ በያን በ1937 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ባቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠሩን መሬት ሲወርስ ምን እንደቀረን ሁሉም ያውቃል። ይህ ካልገባ አንፈርምም።

ጸሐፊዋ፦
ለጋሹ የባህል እንጂ የመሬት ለጋሽ አይደለም። አንድ አንቀጽ አስገባለሁ፤ አንድ ብቻ።

የትሪኒዳድ ልጅ፦
ካስገባሽ ፓይፐሮቹንም አስገቢ። በፌዴሬሽኑ በኩል ቀድመው የሰፈሩት ጄምስና ሄለን ፓይፐር የሞንሴራት ሰዎች ናቸው። ረቂቁ ላይ ከበሮው የናያቢንጊ፣ የራስታ ጸሎት ከበሮ፣ ብቻ፣ ዘፈኑ ሬጌ ብቻ ነው። የነዳጅ በርሜል ቀጥቅጠው ስቲልፓን የሠሩት የእኛ ሰዎች የት ገቡ? ካሪያኩ ደሴት ላይ እስካሁን ለክሮማንቲው፣ ለኢቦው፣ ለማንዲንጎው ለእያንዳንዱ ከአፍሪካ የመጣ ወገን በየራሱ ምት ይጨፈራል። ያንን የሚያውቁ አንድ እናት እዚሁ አሉ፤ ማንም ሄዶ አልጠየቃቸውም።

ጸሐፊዋ፦
አንተ ሂድና ጠይቃቸው። ስምህን ልጻፍ?

ለንደን ያለሁት፦
ቤተሰብ፣ የካሴት መገልበጫውን እኔ እልካለሁ። ጥሩ ማሽን አይቻለሁ። በጀቱ ላይ አታስገቡት።

ገንዘብ ያዥ፦
ተባረክ። ከበጀቱ አውጥቼዋለሁ።

ጸሐፊዋ፦
ጋሽዬ ጽሑፍ ስለሚያስቸግራቸው ቮይስ ልከውልኛል። እንዲህ ይላሉ፦ «አያቴ ጨው ያልበላ ሰው ቀላል ነው፣ በርሮ ወደ አፍሪካ ይመለሳል ትል ነበር። ጨው የበላ ይከብዳል፣ እዚያው ይቀራል። ድሮ ጨው ያልቀመሱ ሰዎች ከሸንኮራው መሃል ዘፍነው ተነሥተው ሄዱ ትለናለች። ዘፈኑንም ታውቀው ነበር። እኔም ትንሽ ትንሽ አውቀዋለሁ።»

ከበሮ መቺው፦
ይኸው! ጋሽዬም አሉት። ጨው ክልክል ነው።

የትሪኒዳድ ልጅ፦
እኛ ደርሰን የለ እንዴ? አሁን ብንከብድ ምን ቸገረን። 😂

የማማ ልጅ፦
😂😂 ጋሽዬ ራሳቸው ጨው ይበላሉ። ባለፈው እኛ ቤት ደግመዋል።

ከበሮ መቺው፦
ሳቁ። እኔ ኬቴውንም ፈንዴውንም ከግቢው አውጥቼ ቤቴ ወስጃለሁ። የሚመታ ካለ የራሱን ከበሮ ያምጣ።

ሊቀመንበር፦
ከበሮው የማኅበሩ ነው። የዋንዛ ግንዱን ያመጣሁት እኔ፣ ቆዳውን የገዛነው ከመዋጮ ነው። እስከ ነገ ይመለስ።

ከበሮ መቺው፦
ቆዳውን የወጠረው ማነው? ኬቴው የተቀደደ ጊዜ የፍየሉን ቆዳ ነክሮ፣ ፍቆ፣ ፀሐይ ላይ እየዞረ ድምፁን ያወጣው ማነው? መዋጮ?

የመድኃኔ ዓለም ሰፈር፦
እረ በእግዚአብሔር፣ ሰው ቢያየን ምን ይላል።

ሊቀመንበር፦
ደወልኩለት። ተነጋግረናል። ከበሮው ይመለሳል፤ ምሳው ግን ሁለት ድስት ይሁን፤ አንዱ በጨው፣ አንዱ ያለ ጨው። ጾመኛም ከሁለተኛው ይበላል፤ ቆጮም ይኖራል። ተዘጋ።

ከበሮ መቺው፦
ሁለት ድስት አንድ ምድጃ ላይ ከሆነ ምንም አልተለየም። ማንኪያው ይነካካል።

የማማ ልጅ፦
ሁለት ምድጃ ይሁንልህ።

ከበሮ መቺው፦
የተለያየ ቤት።

ከታች ግቢ፦
ማዕድ ቤት ከተሠራ እኛ ግቢ ይሠራ። ውሃ ያለው እኛ ጋ ነው። ከበዓሉ በኋላም ምግብ እየተሸጠ ለሁለቱም ማኅበር ገቢ ይሆናል። ቱሪስት ጃማይካ ሰፈር ብሎ መጥቶ የሚበላው አጥቶ አዋሳ ሄዶ ይበላል።

ሊቀመንበር፦
ይሄ መጥፎ ሐሳብ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦
ገንዘቡ ከየት? ጣሪያው የታወቀ ነው። ያለኝ ተራ ቁጥር 3 ብቻ ነው።

ሊቀመንበር፦
ቀረፃ በስልክም ይቀረፃል።

ጸሐፊዋ፦
በስልክ? ባሱ ሲመታ የስልክ ማይክ ምን እንደሚያደርገው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለጋሹ የጠየቀን ሌላ፣ የምትጽፉት ሌላ። ማሽኑስ? ለንደን ያለኸው፣ መቼ ነው የምትልከው?

ጸሐፊዋ፦
ለንደን ያለኸው?

የማማ ልጅ፦
ኦንላይን ነው እኮ። አይቶታል።

ከታች ግቢ፦
ዓሣውን አስቡበት። ኮድ ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ነው። የአዋሳውን ቆሮሶ ሰንጥቀን፣ በጨው አሽተን፣ ገመድ ላይ ብናደርቀው ይሆናል። እህቴ ሞክራዋለች፤ ሲበላ ልዩነቱ ብዙ አይታወቅም። አኪው ግን በቆርቆሮ የታሸገው ይምጣ፤ ያልበሰለ አኪ መርዝ ነው፣ በእሱ ቀልድ የለም።

የትሪኒዳድ ልጅ፦
እንግዲያው ማድረቂያ መደርደሪያም ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦
ገባ። አሁን በጀቱ እንዲህ ነው፦ ማዕድ ቤት ባለ ሁለት ክፍል፣ ማድረቂያ፣ ድስትና ሰሃን፣ ድንኳን፣ የከበሮ ቆዳ። ለቀረፃ የተረፈው የትራንስፖርት ብቻ ነው።

ሊቀመንበር፦
ርዕሱ ከበጀቱ ጋር ስላልሄደ «የካሪቢያን ባህላዊ ምግብና ቅርስ ማዕከል» ብዬዋለሁ። ጸሐፊያችን ከሥራ ብዛት ማስተካከል አልችልም ስላለች ሌላ ሰው ይተይበው። ማን ይችላል?

ሊቀመንበር፦
ማንም?

የመድኃኔ ዓለም ሰፈር፦
የልጄን ላፕቶፕ አመጣለሁ።

ከበሮ መቺው፦
ጨው የሌለበት ክፍል ከመንገዱ በኩል ይሁን። የዓሣው ጭስ ወደ ከበሮው እንዳይመጣ።

ከታች ግቢ፦
የመንገዱ በኩል ሽያጭ የሚሸጥበት ነው። ዓሣው እዚያ ይሆናል።

የማማ ልጅ፦
በሩ ወዴት ነው ግን?

ገንዘብ ያዥ፦
በሩን ሲቆም ታዩታላችሁ። ቆርቆሮው 28 ጌጅ ነው ወይስ 32? የዋጋው ልዩነት ቀላል አይደለም፤ እስከ ማታ ንገሩኝ፣ ነገ ማኅተም እናሳርፋለን።